ኪስ የማይጎዳ፣ ጎማው የማይነቀል የጉዞ ሻንጣ ኦንላይን ለመግዛት

«የትኛውን ሻንጣ ልግዛ? ዋጋው ተመጣጣኝ ሆኖ የሚበረክት ይኖራል?» የሚለው ጥያቄ በዓል በተቃረበ ቁጥር ይደጋገማል። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ከዱባይ፣ ከሪያድ፣ ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ ወደ አዲስ አበባ ሁለት ሻንጣ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ የሚመጣ ሰው ነው። መልሱ የአንድ ማርካ ስም አይደለም። ሻንጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በሦስት ቦታ ነው፦ በጎማው፣ በዚፑና በእጀታው። አካሉ ምንም ሳይሆን ከእነዚህ አንዱ ከሄደ ሻንጣው አበቃለት። ስለዚህ ኦንላይን ስትገዙ ዓይናችሁ መጀመሪያ እነዚህ ላይ ይረፍ፤ ቀለሙና ማማሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ከታች ያለው ቅደም ተከተል የአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ለሚጫነው ትልቁ ሻንጣ የተዘጋጀ ነው። በእጅ ለሚያዘው ትንሹ ልዩነት ሲኖር እዚያው ተጠቅሷል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የልብስ ሰፊ ሜትር፣ በሴንቲሜትርም በኢንችም የተጻፈበት
- እስከ 50 ኪሎ የሚመዝን፣ በእጅ የሚንጠለጠል የሻንጣ ሚዛን
- ፎቶና ቪዲዮ የሚያነሳ ስልክ
- ለሙከራ የሚሆን 20 ኪሎ ያህል ክብደት፤ የሩዝ ከረጢት ወይም ባለ 2 ሊትር 10 የውሃ ጠርሙስ ይበቃል፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው
- ሻንጣው ውስጡ እንዳይቆሽሽ ንጹሕ አንሶላ ወይም ፎጣ
- ከጉዞው በፊት ቢያንስ 4 ሳምንት። ይህ እንደ ዕቃ የሚቆጠር ነው፤ ጊዜ ከሌላችሁ የተበላሸ ሻንጣ መልሳችሁ ሌላ ማስመጣት አትችሉም።

1. ሻንጣ ከመፈለጋችሁ በፊት ቲኬታችሁን ክፈቱ

የሻንጣውን መጠን የሚወስነው አየር መንገዱ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአብዛኞቹ ዓለም አቀፍ መስመሮቹ ለኢኮኖሚ ተሳፋሪ እያንዳንዳቸው እስከ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎችን ይፈቅዳል። የአንዱ ሻንጣ ርዝመት፣ ወርድና ውፍረት ተደምሮ ከ158 ሴንቲ ሜትር ወይም ከ62 ኢንች መብለጥ የለበትም። በእጅ የሚያዘው ደግሞ 55 በ40 በ23 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ እስከ 7 ኪሎ ነው። በሌላ አየር መንገድ የምትቀጥሉ ከሆነ ወይም ቲኬታችሁ የቅናሽ ከሆነ ሊለይ ስለሚችል፣ ቲኬቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከማንኛውም ምክር ይበልጣል። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጻፉና አጠገባችሁ አስቀምጡ።

2. የሻጩን መጠን ሳታምኑ ራሳችሁ ደምሩ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «28 ኢንች» ተብሎ የተለጠፈ ሻንጣ ብዙ ጊዜ የተለካው ጎማው ሳይቆጠር ነው። 28 ኢንች 71 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ጎማው 5 ሴንቲ ሜትር ሲጨምርበት 76 ይሆናል። ወርዱ 50፣ ውፍረቱ 31 ከሆነ ድምሩ 157 ነው፤ ከ158 ስለማይበልጥ ለጥቂት ተረፈ። ጎማና እጀታን ጨምሮ 78 በ52 በ31 የሆነው ሌላ «28 ኢንች» ግን ድምሩ 161 ስለሚሆን ከገደቡ ይበልጣል። ሁለቱም ገጹ ላይ አንድ ዓይነት ይመስላሉ።

የዕቃውን ዝርዝር ስታነቡ «ጎማን ጨምሮ» ወይም «ጠቅላላ መጠን» የሚለውን ቁጥር ፈልጉ። አንድ ቁጥር ብቻ ካለና ጎማው ይቆጠር አይቆጠር ካልተጻፈ 5 ሴንቲ ሜትር ጨምራችሁ ደምሩ። «30» እና «32 ኢንች» የሚባሉትን ጭራሹን ተዉአቸው፤ 32 ኢንች ብቻውን 81 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ጎማው ሲታከልበት ከ158 ውስጥ አይገባም። መሐሉ ላይ ተጨማሪ ዚፕ ኖሮት የሚሰፋ ሻንጣም ሲከፈት ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ስለሚጨምር ድምሩን በተሰፋበት ሁኔታ አስሉት።

ቀጥሎ ባዶ ክብደቱን እዩ። 5.2 ኪሎ የሚመዝን ሻንጣ ከ23 ኪሎው ለዕቃችሁ የሚተወው 17.8 ኪሎ ነው። 3.6 ኪሎ የሆነው ግን 19.4 ይተዋል። በሁለት ሻንጣ ልዩነቱ 3.2 ኪሎ ነው፤ ይህ ለእናት የሚወሰድ ጫማና ብርድ ልብስ፣ ሲመለሱም በርበሬና ቡና ማለት ነው። ለትልቅ ሻንጣ ከ4.5 ኪሎ በታች የሆነውን ምረጡ። ከ3 ኪሎ በታች የሆነ ትልቅ ጠንካራ ሻንጣ ስታገኙ ደግሞ ቶሎ አትደሰቱ፤ ግድግዳው ስስ፣ የእጀታው ቱቦም ቀጭን ሊሆን ስለሚችል በደረጃ 8 ላይ ያለውን የገዢዎች አስተያየት በደንብ መርምሩ።

3. የተሠራበትን ነገር ከዝርዝሩ አንብቡ

ፎቶ ላይ ሁሉም ያብረቀርቃል። የሚለየው «ማቴሪያል» በሚለው መስመር ነው።

ኤቢኤስ፦ ከጠንካራዎቹ ሁሉ ርካሹ ፕላስቲክ። ግትር ነው፤ ሲወረወር ከመጉበጥ ይልቅ ይሰነጠቃል፣ ብርድ ላይ ደግሞ ይብሳል። በዓመት አንዴ ቀለል ያለ ልብስ ለሚይዝ ሰው ይሆናል እንጂ 23 ኪሎ ሙሉ ለሚጭን አይሆንም።

ፖሊፕሮፒሊን፦ ቀላልና ተጣጣፊ። ሲመታ ገባ ብሎ ይመለሳል። በዋጋና በጥንካሬ ሚዛን ለአብዛኛው መንገደኛ የሚስማማው ይህ ነው።

ፖሊካርቦኔት፦ ከሦስቱ ይበልጥ ምትን የሚችል ነው፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። «100 በመቶ ፖሊካርቦኔት» መባሉን አረጋግጡ። «ፖሊካርቦኔትና ኤቢኤስ» ከተባለ ድብልቅ ነው፤ አንዳንዴ አብዛኛው ኤቢኤስ ሆኖ ፖሊካርቦኔቱ ከላይ የተለበጠ ስስ ሽፋን ብቻ ይሆናል። መጠኑ በቁጥር ካልተገለጸ የኤቢኤስ ዋጋ ብቻ ክፈሉ።

ጨርቅ፦ ቁጥሩ በዴኒየር ይጻፋል። ዴኒየር 9,000 ሜትር ርዝመት ያለው ክር በግራም ስንት እንደሚመዝን የሚናገር ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይወፍራል። 300 ዴኒየር ፖሊስተር ለትልቅ ሻንጣ ስስ ነው። 600 ዝቅተኛው ይሁን። 1680 ዴኒየር ናይለን በጣም ጠንካራ ነው። ግን ቁጥሩን ብቻ አትዩ፤ ናይለን በተመሳሳይ ውፍረት ከፖሊስተር ይልቅ መፋተግንና መቀደድን ይችላል።

ታዲያ ጨርቅ ወይስ ጠንካራ? የሚፈስና የሚሰበር ነገር፣ ማለትም ዘይት፣ ሽቶ፣ ብርጭቆ የምትይዙ ከሆነ ጠንካራው ይሻላል፤ ሻንጣው ሜዳ ላይ ዝናብ ሲያገኘውም ውስጡ ቶሎ አይርስም። ልብስና ጫማ የሚበዛበት ከሆነ ጨርቁ ይሻላል፤ ሲጨናነቅ ይለጠጣል፣ ቢቀደድ ይሰፋል። የተሰነጠቀ ፕላስቲክን ግን ማንም ሰፊ አይመልሰውም።

4. ጎማው ላይ ጊዜ ውሰዱ

የጎማውን ቅርብ ፎቶ ያላስቀመጠ ሻጭ ካለ ጠይቁት፤ ካልላከ እለፉት።

አራት ጎማ ያለውና በየአቅጣጫው የሚሽከረከረው ለአየር ማረፊያ ልስልስ ወለል ምቹ ነው። ድክመቱ ጎማዎቹ ከአካሉ ውጭ ተንጠልጥለው መቅረታቸው ነው፤ ሻንጣው ሲወረወር መጀመሪያ መሬት የሚመቱት እነሱ ናቸው። ሁለት ጎማ ያለው፣ ጎማው ግማሽ በግማሽ አካሉ ውስጥ የተቀበረው፣ እየሳቡ ብቻ የሚሄዱበት ቢሆንም የበለጠ ይቆያል። ከቦሌ ወጥታችሁ በኮብልስቶን መንገድ እስከ ቤት በር የምትጎትቱት ከሆነ ሁለት ጎማው ያዋጣችኋል፤ ትንንሾቹ ጎማዎች በድንጋዮቹ መሐል ክፍተት እየገቡ አንገታቸው ይጣመማል።

አራት ጎማ ከመረጣችሁ እነዚህን አጣሩ፦

- በእያንዳንዱ ጥግ ሁለት ሁለት ጎማ፣ በድምሩ ስምንት ይሁን። አንዱ ቢጎዳ ጎረቤቱ ይሸከማል፣ ክብደቱም ይካፈላል።
- የጎማው ቁመት 5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሁን። ትንሽ ጎማ ደፍ አይሻገርም።
- ላዩ እንደ ላስቲክ የሚለሰልስ ይሁን፤ ዝርዝሩ ላይ ፖሊዩሪቴን ይባላል። ደረቅ ፕላስቲክ ይንጫጫል፣ ቶሎም ይበላል።
- የታሰረው በብሎን ይሁን። በብሎን የታሰረ ጎማ ሲሰበር መለወጫውን ኦንላይን ገዝታችሁ በቤታችሁ ትቀይራላችሁ። በሪቬት፣ ማለትም ተመትቶ በሚጠፈጠፍ የማይፈታ ሚስማር የታሰረው ግን ካልተበሳ አይወጣም።

5. ዚፑን እንደ በር ቁልፍ እዩት

ዚፕ በቁጥር ይጠራል፤ ቁጥሩ ጥርሱ ሲዘጋ ያለውን ስፋት በሚሊ ሜትር በግምት ያመለክታል። ለትልቅ ሻንጣ ዋና ዚፕ 8 ወይም 10 ቁጥር ይፈለጋል። 5 ቁጥር ለውጭ ኪስና ለትንሽ ሻንጣ ነው። ከታወቁት የዚፕ ሠሪዎች ዋይኬኬ እና ኤስቢኤስ ይገኙበታል፤ ስሙ መንሸራተቻው ላይ ተቀርጾ ይታያል። ሻጩ የዚፑን ሠሪ በስም መጥቀሱ በራሱ ጥሩ ምልክት ነው፣ ለዚፕ ገንዘብ አውጥቷልና።

ተራ ዚፕ ሻንጣው ተቆልፎም ቢሆን በእስክሪብቶ ጫፍ ጥርሱ ተፈልቅቆ ሊከፈት፣ መንሸራተቻው ሲመላለስበትም ምንም እንዳልተነካ ሆኖ ሊዘጋ ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ድርብ ጥርስ ያለው ዚፕ ነው፤ ዝርዝሩ ላይ «የማይበሳ» ወይም «ድርብ» ተብሎ ይጻፋል። ዚፕ የሌለው፣ በፍሬምና በመቆለፊያ ብቻ የሚዘጋም አለ፤ አስተማማኝ ነው፣ ግን ከበድ ይላል፤ ሲጨናነቅም አይለጠጥም።

6. እጀታው

የሚሳበው እጀታ ቱቦው አሉሚኒየም ይሁን። በተለያየ ቁመት የሚቆም ከሆነ ለረጅምም ለአጭርም ሰው ይመቻል። ከላይ ካለው የመሸከሚያ እጀታ ሌላ በጎኑ ላይ ሁለተኛ መሸከሚያ መኖሩን እዩ፤ ከመኪና ላይ ሲወርድ የሚያዘው በዚያ ነው። ጨርቅ ሻንጣ ላይ የመሸከሚያው ስፌት አራት ማዕዘን ሆኖ መሐሉ የኤክስ ቅርጽ ያለው ከሆነ ጥሩ ነው። በአንድ መስመር የተሰፋ ይበጠሳል።

7. ዋጋውን በጉዞ ቁጥር አካፍሉ

40 ዶላር የተገዛ ሻንጣ በሁለት ጉዞ ቢያልቅ ለአንድ ጉዞ 20 ዶላር ወጣበት። 110 ዶላር የወጣበት 10 ጉዞ ቢቆይ ለአንዱ 11 ዶላር ነው። ርካሹ ሁለተኛው ነው።

ዋጋ የምታወርዱት ጥራት በመቀነስ ሳይሆን በእነዚህ መንገዶች ነው፦

- ያው ሞዴል በሌላ ቀለም። ቀለም በተቀየረ ቁጥር ዋጋው ሊለያይ ይችላል፤ ሁሉንም ቀለም አንድ በአንድ ተጫኑና እዩ።
- የአንዱ ኩባንያ ርካሽ መስመር። ለምሳሌ አሜሪካን ቱሪስተር በሳምሶናይት ኩባንያ ሥር ያለ፣ ዋጋው ዝቅ ያለ ማርካ ነው።
- የተመለሰ ዕቃ። አማዞን ሪሴል ላይ ካርቶኑ የተጎዳ ወይም ገዢ የመለሰው ዕቃ በቅናሽ ይሸጣል። ሁኔታው «እንደ አዲስ» ከተባለው በታች አትውረዱ።
- የዋጋ ታሪክ። የተሰረዘው ቁጥር ብዙ ጊዜ ዕቃው በእርግጥ ተሽጦበት የማያውቅ ዋጋ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ አማዞን ላይ ኪፓ ወይም ካሜልካሜልካሜል የተባሉት አገልግሎቶች ያለፉትን ወራት ዋጋ በግራፍ ያሳያሉ። የዛሬው ዋጋ ከግራፉ ታችኛ መስመር አጠገብ ካልሆነና ጊዜ ካላችሁ ጠብቁ።
- በኅዳር አጋማሽ አካባቢ የሚውለው የብላክ ፍራይዴይ የቅናሽ ሰሞን። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ኑን የተባለው የኦንላይን ገበያ በዚያው ሰሞን የራሱን ቅናሽ ያወጣል። ለገና የምትሄዱ ከሆነ ጊዜው ይገጥማል።

8. አስተያየት ከታች ወደ ላይ አንብቡ

አምስት ኮከብ የሰጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሻንጣው በደረሰበት ቀን የጻፈ ነው፤ ገና አልተጓዘበትም። የሚጠቅማችሁ አንድ፣ ሁለትና ሦስት ኮከብ የሰጡት ናቸው። እነሱን ለይታችሁ፣ ጎማ፣ ዚፕ፣ እጀታ፣ ስንጥቅ የሚሉትን ቃላት በእንግሊዝኛ መፈለጊያው ውስጥ አስገቡ። «ቀለሙ ፎቶው ላይ እንዳለው አይደለም» የሚለውን እለፉት። «በመጀመሪያው በረራ ጎማው ወለቀ» የሚል በተለያየ ሰው ሦስትና አራት ጊዜ ከተደጋገመ ሻንጣውን ተዉት።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ብዙ ገበያዎች የትንሹንና የትልቁን፣ የጨርቁንና የጠንካራውን አስተያየት በአንድ ገጽ ይቀላቅላሉ። ከአስተያየቱ በላይ የተጻፈውን መጠንና ቀለም አንብቡ። የምትገዙት ባለ 28 ኢንቹን ሆኖ የተመሰገነው ባለ 20 ኢንቹ ሊሆን ይችላል።

9. ሻጩንና የመመለሻውን ውል አጣሩ

ሻንጣ ግዙፍ ነው፤ መመለሻው በእናንተ ወጪ ከሆነ የሻንጣውን ዋጋ ሊስተካከል ይችላል። «በነጻ ይመለሳል» መባሉን፣ ስንት ቀን እንደሆነና የሚሸጠውም የሚልከውም ማን እንደሆነ እዩ። ዋስትናም ሲጻፍ «10 ዓመት» በሚለው አትርኩ፤ አብዛኛው ዋስትና የአሠራር ጉድለትን እንጂ አየር መንገድ ያደረሰውን ጉዳት አይሸፍንም። የሚሸፍን ከሆነ በግልጽ ይጻፋል።

ከሩቅ አገር በዕቃ አስተላላፊ የምታስመጡ ከሆነ ይህን ሒሳብ ሥሩ። ፈጣን መልእክት አድራሾች ባዶ ሻንጣን የሚያስከፍሉት በሚዛኑ ሳይሆን በሚይዘው ቦታ ነው፤ የተለመደው ስሌት ርዝመት በወርድ በውፍረት ተባዝቶ ለ5,000 ይካፈላል። 76 በ50 በ31 የሆነው ሻንጣ 23.6 ኪሎ ገደማ ተብሎ ይታሰባል፣ ሚዛን ላይ 4 ኪሎ ቢሆንም። ለዚህ ነው አዲስ አበባ ላለ ሰው የሚሻለው ዘመድ ሲመጣ ትንሹን በትልቁ ውስጥ ከትቶ ዕቃ ሞልቶ እንዲያመጣለት ማድረግ የሆነው።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ከቴሌግራም ሻጭ የምትገዙ ከሆነ ሻንጣውን ሳታዩ ገንዘብ አታስተላልፉ፤ በቴሌብር የሄደ ገንዘብ ለማስመለስ ያስቸግራል። መጀመሪያ አጭር ቪዲዮ አስልኩ፦ ዚፑ ዙሪያውን ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ጎማዎቹ ሲሽከረከሩ፣ ሜትር ከጎማው ሥር እስከ እጀታው ተዘርግቶ። ሻጩ ሱቅ ካለው ሄዳችሁ እዩት።

10. በደረሰ ዕለት ፈትኑት

ካርቶኑን ስትከፍቱ ጀምሮ ቪዲዮ አንሱ፤ ተሰብሮ የደረሰ ከሆነ ማስረጃችሁ እሱ ነው። የዋጋ ወረቀቱን አትቁረጡ፣ ካርቶኑን አትጣሉ። ፈተናው በቤት ውስጥ፣ ንጹሕ ወለል ላይ ይሁን።

ሀ. ባዶውን መዝኑት፣ ከጎማ እስከ ጫፍ ለኩት። ከተጻፈው ጋር ካልተስማማ መልሱት።
ለ. የጠንካራውን ሻንጣ ፊት መሐሉን በመዳፋችሁ ጫን በሉት። ገብቶ ወዲያው ከተመለሰ ደኅና ነው። ከጮኸና ነጭ መስመር ካሳየ ይሰነጠቃል።
ሐ. ዚፑን ዙሪያውን 20 ጊዜ ክፈቱ፣ ዝጉ። ጥግ ላይ በተደጋጋሚ የሚይዝ ከሆነ ሲሞላ እዚያው ይለቃል።
መ. አንሶላ አንጥፋችሁ 20 ኪሎውን ጫኑ። በላይኛው መሸከሚያ አንስታችሁ እስከ 10 ቁጠሩ፣ በጎኑም ድገሙት። ስፌቱን ወይም ብሎኑን ተመልከቱ።
ሠ. እጀታውን እስከ መጨረሻው ስባችሁ ግራና ቀኝ ግፉት። ትንሽ መወዛወዝ ያለ ነው፤ ከሥሩ ከተንቀሳቀሰ ግን አይሆንም።
ረ. እንደተጫነ ክፍሉ ውስጥ ግፉት። ቀጥ ብሎ ካልሄደ ጎማው ጠሟል።

ማስጠንቀቂያ

- ባትሪ የተገጠመለት «ስማርት» ሻንጣ ባትሪው የማይወጣ ከሆነ አትግዙ፤ ብዙ አየር መንገዶች አይቀበሉትም። የወጣው ባትሪና ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ ወደ ታች አይላክም፤ ያለ ፈቃድ የሚያዘውም እስከ 100 ዋት ሰዓት፣ በተለመደው የፓወር ባንክ ቁጥር 27,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ገደማ ነው።
- ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ሻንጣ የቲኤስኤ ቁልፍ ያለውን ምረጡ፤ ይህን የአሜሪካ አየር ማረፊያ ፈታሾች በራሳቸው ቁልፍ ይከፍቱታል። ሌላ ቁልፍ ከሆነ ፈታሾች ሊሰብሩት ይችላሉ።
- የታወቀ ማርካን ሁሉ በ80 በመቶ ቅናሽ የሚሸጥ፣ ስልክና አድራሻ የሌለው ገጽ ላይ ካርዳችሁን አታስገቡ።
- ሻንጣው የሚፈቅደው ቦታ ስላለ ብቻ ከ32 ኪሎ በላይ አትጫኑ፤ ብዙ አየር ማረፊያዎች ትርፍ ቢከፈልበትም አንድ ሻንጣ ከዚያ በላይ ከከበደ አይቀበሉም።

የተለመዱ ስህተቶች

የቁልፉን ቁጥር ሳይመዘግቡ መቀየር። ቁጥሩ የሚለወጥበት ትንሽ ቁልፍ እንደተጫነ ሆኖ ቁጥሩ ቢዞር አዲሱ የሚስጥር ቁጥር የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ቀይራችሁ ሳትዘጉ ሁለት ጊዜ ሞክሩ፣ ስልካችሁ ላይም ፎቶ አንሱ።

ሦስት በአንድ የሚሸጠውን ስብስብ መግዛት፣ የምትጠቀሙት ግን ትልቁን ብቻ። ለአንዱ ጥራት ሊውል የሚችለው ገንዘብ ለሁለት ትርፍ ሻንጣ ይሄዳል።

የሚሰፋውን ዚፕ ከቤት ሲነሱ መክፈት። ለመልስ ጉዞ ተዉት፤ የተሰፋው ክፍል ስስ ጨርቅ ስለሆነ ጭነቱን የሚሸከመው እሱ ሲሆን መጀመሪያ የሚተረተረው እዚያ ነው።

ጉዳቱን ቤት ደርሶ ማየት። ቦሌም ሆነ ሌላ ቦታ ከሻንጣ መረከቢያው ሳትወጡ ጎማውን፣ እጀታውንና ጥጎቹን እዩ። የተሰበረ ካለ ፎቶ አንሱና እዚያው የሻንጣ ጉዳይ ቢሮ አስመዝግቡ፣ የተሰጣችሁን ወረቀትና የሻንጣውን ታግ ያዙ። የዓለም አቀፍ በረራ ተሳፋሪዎችንና ሻንጣን በሚመለከተው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ለተጎዳ ሻንጣ አቤቱታ በጽሑፍ መቅረብ ያለበት ሻንጣውን ከተረከባችሁበት ቀን አንሥቶ በ7 ቀን ውስጥ ነው፤ ሻንጣው የተገዛበትን ደረሰኝ አያይዙበት።